የተለማማጆችና የበጎ ፈቃደኞች ምደባ፦ ለሙዚየሙ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ ከአባላት አስተያየት ጋር

ጸሐፊ (ፒያሳ)፦ በሐምሌው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ለደሴ ሙዚየም የምናቀርበው ጥያቄ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ለሰብአዊ መብት ታሪክ እንዲፈቀድልን ነው። ሁለተኛው፣ ስምንት የታሪክና የሕግ ተማሪዎች የሁለት ወር የተግባር ልምምዳቸውን በዚያ ክፍል ሆነው እንዲሠሩ፣ የ1965 እና የ1966ን ረሃብ፣ እንዲሁም የቀይ ሽብርን ዘመን ያዩ አረጋውያንን ቃል በድምፅ እንዲቀዱ ነው። ለአንድ ተማሪ በወር 3,000 ብር የትራንስፖርትና የምሳ፣ በድምሩ 48,000 ብር ተይዟል። በጎ ፈቃደኞች አበል የላቸውም፤ የሚመደቡት ለጎብኚ ማብራሪያ ነው። በካዝናችን ካለው 62,000 ብር ቀሪው 14,000 በኮምቦልቻ ተጠሪ ጥያቄ በጎ ፈቃደኞቹ ለሚለብሱት 20 ጋዋን ተመድቧል። ድምፅ መቅጃው አምና ስለተገዛ ወጪ የለውም።

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)፦ ቃል መቅዳት መጠይቅ እንደ መሙላት ተደርጎ እንዳይታሰብ እፈራለሁ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው መቅጃውን ይጠብቃል። ተናጋሪው «ይብቃኝ» ባለ ጊዜ መቅጃው ይጠፋል፣ ቅጂውም አንዱ ለራሱ ለተናጋሪው ይሰጣል። ልጆቿ ፊት ያልነገረቻቸውን ነገር እንድትናገር እናት አትገደድም። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ያመጡትን የቆርቆሮ ኩባያ የያዛችሁት ታስታውሳላችሁ፤ እጀታው ወልቆ በሽቦ ታስሯል፣ ከንፈሩም በአንድ በኩል ብቻ ተበልቷል። በ1966 በመጠለያ እህል የተሰፈረላቸው በእርሱ ነበር። ያ ኩባያ ያለ ባለቤቱ ቃል መስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ስምንቱ ተማሪዎች ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሳምንት አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቢሰነብቱ እላለሁ። ከ2002 ጀምሮ ጎብኚ እየተቀበለ ያለ ነው፤ በዚያ የሚያስረዱት ሰዎች ያለፉበትን ራሳቸው የሚናገሩ ናቸው፣ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም።

አባል (ሸዋ በር)፦ ጋዋኑ ካኪ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት። እኔ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ በራችንን በሌሊት ያንኳኩት ሰዎች ካኪ ለብሰው ነበር፣ ወንድሜም አልተመለሰም። የእርሱን ፎቶግራፍ በካኪ የለበሰ ልጅ ሲያስረዳበት ቆሜ አላይም።

የኮምቦልቻ ተጠሪ፦ ካኪ የሠራተኛ ልብስ ነው። እኛ ኮምቦልቻ ከፋብሪካ በር የምንገናኘው በካኪ ነው፣ ማንም ተቀይሞ አያውቅም። ለልብስ ሰፊው 7,000 ብር ቀብድ ከፍለናል፣ ግማሹም ተቆርጧል። ደሴ ያላችሁ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው ሁልጊዜ ሐሳብ የሚመጣላችሁ፤ የመደርደሪያውንም ጉዳይ አልረሳነውም።

ሒሳብ ያዥ፦ መደርደሪያው በ2014 ሙዚየሙ ሲዘረፍ ለጠፋው መተኪያ ነበር፤ ደረሰኙ በእጄ አለ። ቀብዱ ግን አይመለስም፤ ልብስ ሰፊውን ዛሬ ጠዋት አነጋግሬዋለሁ።

አባል (ቧንቧ ውኃ)፦ ሰማያዊ ይሁን።

አባል (ሰኞ ገበያ)፦ ሰማያዊ የተማሪ ቀለም ነው፣ ነጭ ደግሞ የሐኪም። ለምን በደረት በሚንጠለጠል መታወቂያ አንጨርሰውም?

የኮምቦልቻ ተጠሪ፦ መታወቂያ ከሆነ ቀብዱ ባዶ ሜዳ ቀረ ማለት ነው። አንተ ሰውዬ፣ አምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ነገር ይዘህ የስንቱን ልጅ ሥራ ታስተጓጉላለህ?

አባል (ሸዋ በር)፦ ከመቼ ወዲህ ነው «አንተ» የተባባልነው? በዚህ ሙዚየም ሊነገር የታሰበው አምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰው ነገር አይደለምን? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 እንዲህ ያለ ወንጀል በይርጋ አይታገድም ተብሎ ከተጻፈ፣ የእኔ ቅሬታ በምን ሒሳብ ጊዜው አለፈበት?

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)፦ ሁለታችሁም ቁጭ በሉ። ለጨርቅ ስንከራከር ስለ ቃል አቀዳዱ የጻፍኩትን የመለሰልኝ የለም። ድምፅ መቅጃው ማን ዘንድ ነው?

ጸሐፊ (ፒያሳ)፦ መቅጃውን የወሰዱት በመስከረም ሥልጠናውን እሰጣለሁ ያሉት አባል ናቸው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሱም። አብረዋቸው የተመዘገቡት ሁለቱ በጎ ፈቃደኞችም ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

የኮምቦልቻ ተጠሪ፦ ትናንት ስለተናገርኩት ቃል ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ወንድሜ ካሉበት ቤት ድረስ እመጣለሁ፣ ቡናም ጠጥተን እንነጋገራለን። ነገር ግን ቅርንጫፋችን ባዶ እጁን እንዲቀር አልፈቅድም፤ በታኅሣሥ 1 የሰብአዊ መብቶች ቀን ኮምቦልቻም ደሴም የሚታይ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ይዘጋጅ፣ ተማሪዎቹም በዚያ ያስረዱ።

አባል (ሸዋ በር)፦ ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ ቡናውም ዝግጁ ነው። ግራጫ ይሁን።

አባል (ሰኞ ገበያ)፦ ዐውደ ርእዩ ከተደረገ ከቀይ ሽብር ብቻ አይነሳ። ህዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታል ተመትቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዕለት ደሴ ነበሩ። ስለ መብት ለልጆቻችን ከምናስረዳባቸው ነገሮች ሁሉ በቤታችን የተፈጸመው ይቅደም። የ1977ቱ የቆረምና የባቲ ረሃብም አይዘለል።

ሒሳብ ያዥ፦ ግራጫው 14,000 ብር ነው፣ የጠፋው ቀብድ 7,000። ከ62,000 ብር 41,000 ይቀራል። ለዐውደ ርእዩ ኅትመትና መቆሚያ 17,000 ብር ተጠይቋል። በቀረው 24,000 ብር የምንችለው አራት ተማሪዎችን ብቻ ነው። የአዲስ አበባው ሳምንት በጀት የለውም።

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)፦ አራት ከሆኑ አራቱም ቃል ይቅዱ።

ጸሐፊ (ፒያሳ)፦ መቅጃው የለም፣ ሌላ መግዣም የለም። ክፍለ ትምህርታቸው የተግባር ልምምዱን ውጤት ለመስጠት ሥራው በቀን ተቆጥሮ በኃላፊ ተፈርሞ እንዲመጣ ይፈልጋል፤ ዐውደ ርእይ ደግሞ ቁርጥ ያለ ቀን አለው። ስለዚህ ሦስተኛው ረቂቅ የሚለው እንዲህ ነው፦ አራት ተለማማጆች ለዐውደ ርእዩ ፎቶግራፍ ይሰበስባሉ፣ ማብራሪያ ይጽፋሉ፤ በጎ ፈቃደኞች ግራጫ ጋዋን ለብሰው ያስጎበኛሉ፤ የቃል ቅጂው በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታያል። የክፍሉ ጥያቄ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)፦ የኩባያው ባለቤት 83 ዓመታቸው ነው። ኩባያው ለዐውደ ርእዩ ይቅረብ ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው፤ እኔ ሄጄ በስልኬ እቀዳቸዋለሁ፣ አብሮኝ የሚሄድ አንድ ተማሪ ስጡኝ።

ጸሐፊ (ፒያሳ)፦ ተማሪው ይሰጣል። ደብዳቤው ሰኞ ወጪ ይሆናል፤ የጋዋን ልክ ያልላካችሁ በጎ ፈቃደኞች እስከ ዓርብ ላኩ።