ለጠዋት ስብሰባ የትኛውን ቁርስ ልዘዝ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ስብሰባ አለው። ወደ 40 ሰው ይመጣል፤ ግማሹ እንግዳ ነው። ቁርሱን የማዘዙ ነገር እኔ ላይ ወድቋል። ምግብ አቅራቢው ሦስት አማራጭ ልኮልኛል። አንደኛው ክሩዋሳን፣ ዶናትና ኬክ ነው። ሁለተኛው እንቁላል ፍርፍር፣ ቋሊማና ድንች ያለበት ትኩስ ቡፌ። ሦስተኛው ሳንድዊች፣ ቅቅል እንቁላል፣ ፍራፍሬና እርጎ። ቡናና ሻይ ሁሉም ላይ አለ። አለቃዬ ትኩሱን ወደውታል። እኔ ግን ለቁርስ የተያዘው 20 ደቂቃ ስለሆነ ሰግቻለሁ። እህታችሁን ምከሯት።

ምላሽ 1፦
ጣፋጩ ብቻውን አይሁን እንጂ ሌላው ችግር የለውም። በባዶ ሆዱ ዶናት የበላ ሰው ቶሎ ይርበዋል። ከሻይ ዕረፍት በፊት ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

ምላሽ 2፦
እህቴ፣ እኔ የመስተንግዶ ሥራ ላይ ነኝ። የጠዋት ስብሰባ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሦስተኛውን እዘዢ።

ከሜኑው በፊት ፕሮግራሙን ማየትሽ ጥሩ ነው። ትኩስ ቡፌ ሰው ተረጋግቶ ቁጭ ሲል ያምራል። በ20 ደቂቃ ግን 40 ሰው አንድ ጭልፋ እየተጠባበቀ ሰልፉ እንኳ አያልቅም። በእጅ የሚያዝ ምግብ ሲሆን አንስቶ፣ ሰላም ተባብሎ፣ ወንበሩን ይይዛል።

ፍርፍሩን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። ማሞቂያው ላይ ሲቆይ ውሃ ይለቃል፣ ይደርቃል፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ይላል። የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ በሙቀት ሲገናኙ የሚያመጡት ቀለም ነው። አይጎዳም፤ ግን እንግዳ ፊት ማቅረብ ይከብዳል። አለቃሽ የግድ ትኩስ ካሉ በትንሽ በትንሹ እየተሠራ እንዲወጣ ተነጋገሪ። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ እርጎውና ወተቱ ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ። እንዲህ ሳይጠበቅ ከ2 ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ የቆየ ምግብ ይነሳ።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ፣ የማይስማማቸውን ምግብ አስቀድመሽ ጠይቂ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር ለአንዳንዱ ሰው አደጋ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት እንግዳ ጥቁር ሻይዋን ይዛ ጥግ ላይ ቆማ አየኋት። አዘጋጆቹ ካዘዙት ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል የሌለበት አንድም ነገር አልነበረም። አንጀቴን በላችኝ። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆነው በተለየ ትሪ ይቅረብ፣ የራሱ መቆንጠጫ ይኑረው፣ ምን እንዳለበት ፊቱ ላይ ይጻፍበት። የተረፈ ነገር ተለቃቅሞ የተሠራ እንዳይመስል ደግሞ ከሌላው እኩል አሳምሩት።

ምላሽ 3፦
በምላሽ 2 እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ቡናውን ከምግቡ ጠረጴዛ አርቃችሁ አስቀምጡት ነው። ሰው ስኳር ሲያማስል ነው መንገድ የሚዘጋው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ምላሽ 2፣ ብዛቱንስ እንዴት ልወስን? ፍራፍሬውስ ምን ይሁን?

ምላሽ 2፦
ሳንድዊቹ ለሁለት ይቆረጥና ለአንድ ሰው ሁለት ግማሽ ያዢ፤ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሪበት። የ200 ሚሊ ሊትር ስኒ ከሆነ አንድ ሊትር አምስት ስኒ ይሞላል። ለአንድ ሰው አንድ ስኒ ተኩል ብለሽ ብታስቢ ቡናና ሻዩ በድምሩ 12 ሊትር ይሆናል። ፍራፍሬው ሐብሐብ፣ ወይንና ብርቱካን ይሁን። ፖምና ሙዝ ተቆርጦ ሲቆይ ይጠቁራል። አቅራቢው ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይድረስ፤ ቡናው ደግሞ ከምግቡ በፊት ይደርደር። ቀድሞ የሚመጣ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቡናው ነው።