ጫት ካቆምኩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ

የጅማ ልጅ ነኝ። ለ6 ዓመት ከምሳ በኋላ በየቀኑ እቅም ነበር። ካቆምኩ 9 ቀኔ ነው። ቀን ሰውነቴ ይዝላል፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ! የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ያንቀኛል፣ በላብ ተነክሬ እባንናለሁ። ድካሙን ላባርር ብዬ ቡና ጨመርኩ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ማታም አንድ ስኒ። (ጅማ ተቀምጦ ቡና እምቢ ማለት ከባድ ነው።) ባሰብኝ።

እንዳነበብኩት ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ነርቮች ዶፓሚን (የደስታና የንቃት ስሜት የሚሰጥ የአንጎል ኬሚካል) እንዲለቁ ያደርጋል። የቡናው ካፌይን ደግሞ «ደክሞሃል» የሚለውን አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል መቀበያው ላይ ቦታውን ይነጥቀዋል፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የማታዋን ስኒ ከትናንት በስቲያ ተውኩ። ዱካኩ ግን አልለቀቀኝም። የእንቅልፍ ኪኒን መጀመር አልፈልግም።

ከጫት የወጣችሁ ወይም ፋርማሲ የተማራችሁ፣ ቡናውንም አሁኑኑ ልቁረጥ ወይስ ቀስ እያልኩ ልቀንስ?