ፑሽካር የግመል ገበያ ለመሄድ፦ መቼ ልድረስ? ምን ልያዝ?

ጠያቂ (ፒያሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ህንድ፣ ራጃስታን ውስጥ ፑሽካር የምትባል የበረሃ ዳር ከተማ አለች። በየዓመቱ ትልቅ የግመልና የፈረስ ገበያ ይቆምባታል። የባቲን ሰኞ ገበያ ካየሁ ወዲህ ግመል ነፍሴ ነው። የ2019ኙን ለማየት አስቤያለሁ፤ ፈቃዴ ግን አጭር ነው። የትኞቹ ቀናት ይሻሉኛል? መንገዱስ እንዴት ነው?

አራት ኪሎ
እህቴ፣ ቀኑ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። በዓሉ የሚያበቃው ካርቲክ በሚሉት ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው። በ2019 ህዳር 15 ይውላል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ 2026 ማለት ነው። ብዙ እንግዳ ለዚያ ቀን ይሮጣል። ያኔ ግን አብዛኛው ነጋዴ እንስሳውን ነድቶ ሄዷል፤ ከተማው ሐይቁ ውስጥ ሊታጠቡ በመጡ ምዕመናን ይጨናነቃል። ያማረሽ ግመሉ ከሆነ ሳምንት ቀድመሽ ድረሺ። ጎህ ሲቀድ አሸዋው ሜዳ ላይ ተገኚ። ሻይ የሚፈላው፣ ጥርስ እየታየ ዋጋ የሚቆረጠው ያኔ ነው።

የግመሉ ቁጥር እንደ ድሮው አይደለም። የራጃስታን መንግሥት በ2014 እ.ኤ.አ. ግመልን የክልሉ እንስሳ ብሎ ሰየመ። በ2015 ደግሞ እንዳይታረድ ከለከለ፤ ከክልሉ ማውጣትንም በሕግ አጠበቀ። የታሰበው ሊጠብቁት ነበር። አርቢዎቹ ግን ገዢ ጠፋ፣ ዋጋ ወደቀ ይላሉ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ፈረስ ግን ሞልቷል። ማርዋሪ የሚባለውን ዝርያ እዪው፤ የጆሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሊነካካ ይደርሳል።

ቀበና
መንገዱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዴልሂ በቀጥታ ይበራል። ከዚያ በባቡር አጅመር፣ ከአጅመር ተራራውን ተሻግረሽ ፑሽካር። በአውቶቡስም በታክሲም ቅርብ ነው። ማደሪያ አሁኑኑ ያዢ፤ በገበያው ሰሞን ዋጋው ይሰቀላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን እንዳትረሺ! ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመሽ ተወጊ።

ካዛንቺስ
ከተማዋ ለሂንዱዎች ቅድስት ናት። ሥጋ፣ እንቁላልና መጠጥ ክልክል ነው። ህዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ለጿሚ የተመቸ ይመስላል፤ ግን ወጡ ውስጥ ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ፣ እርጎና አይብ ይገባል። ከማዘዝሽ በፊት ጠይቂ።

ጠያቂ (ፒያሳ)
ተባረኩ! ካሜራ ይዤ ነው የምሄደው። ሐይቁ ጋ ማንሳት ይቻላል?

አራት ኪሎ
በሐይቁ ዙሪያ 52 የመታጠቢያ ደረጃዎች አሉ። እዚያ ጫማ ይወለቃል፤ የሚታጠቡ ሰዎችን ማንሳት አይፈቀድም። አበባ አስይዞ "ልጸልይልሽ" የሚል ሰው ከመጣ፣ ክር አስሮ ብዙ ገንዘብ ሊጠይቅሽ ስለሚችል በትህትና እለፊው። አርቢዎቹን አስፈቅደሽ አንሺ፤ ጥቂት ሩፒ ቢጠይቁሽም አይክፋሽ።

ጠያቂ (ፒያሳ)
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ከህዳር 7 ጀምሮ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ቀበና
ጥሩ ነው። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ግን ይበርዳል። ጋቢ ያዢ።