አጋች ገዳይ በአደባባይ ይሰቀል? የጎንደር ልጆች ክርክር

የአዘዞው ሹፌር፦
ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ልጀምር። ሕፃን አግቶ፣ ማስለቀቂያውን ተቀብሎ፣ ከዚያ ገድሎ የሚጥል ሰው ምን ይደረግ? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ፋሲል ግቢ አጠገብ፣ ጃንተከል ዋርካ ላይ፣ ሕዝብ እያየ ይሰቀል። ሃያ ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ድሮ ሌሊት ስወጣ የምፈራው ጉሙን ነበር። አሁን መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ካየሁ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የአክስቴ ልጅ ታግቶ የተለቀቀው በሬውም ቤቱም ተሸጦ ነው። ተያዙ የተባሉት ደግሞ ወር ሳይሞላቸው ሰፈር ውስጥ ሻይ ሲጠጡ አየናቸው። እስቲ «አይገደሉ» የሚል ይምጣና ለአክስቴ ይንገራት።

የሕግ ተማሪዋ፦
ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን የጠየቅከውን ነገር ሕጉ ራሱ ከልክሎታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን አልሻረም። አንቀጽ 117 ግን በጣም ከባድ ለሆነና ፍጻሜ ላገኘ ወንጀል፣ ያውም ማቅለያ ሲጠፋና ወንጀለኛው ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት ከሞላው ብቻ ይላል። ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። በአደባባይ በስቅላትም ሆነ በሌላ ኢሰብአዊ መንገድ እንዳይፈጸም በግልጽ ተጽፏል። ፍርዱ ዛሬም ይሰጣል፤ ተፈጸመ ሲባል የሰማነው ግን መጨረሻ በሐምሌ 1999 ነው፣ የደኅንነት ሹሙን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በገደለው ሻለቃ ላይ። ከዚያ በፊት በ1990 የጄኔራል ኃየሎም ገዳይ ነበር።

የአዘዞው ሹፌር፦
ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱም ሟቾች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የደሃ ልጅ ሲሞት ነው ሕጉ የሚራራው?

አስጎብኚው፦
ይህች የመጨረሻዋ ቃልህ እውነት ናት፤ አልከራከርህም። ስለ ጃንተከል ግን ልንገርህ፤ ወደ ፋሲል ግቢ እንግዳ ይዤ ስገባም ስወጣም በየቀኑ የምቆምበት ቦታ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና 1771 ጎንደር ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ከቤተ መንግሥቱ በር ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ላይ ሰው ይሰቀል ነበር። ከነነፍሱ ቆዳው የተገፈፈ ነበር። ዓይኑ የሚወጣ ነበር። በድንጋይ መውገርም ነበር፤ ብሩስ ከመምጣቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በ1716፣ ሦስት የካቶሊክ ካህናት እዚሁ ከተማችን ተወግረው ሞተዋል። አፄ ኢዮአስን ሳይቀር በ1769 በሻሽ አንቀው ነው የገደሏቸው።

የዘመኑ ኃያል መስፍን ራስ ሚካኤል ስሑል በ1770 ታኅሣሥ ላይ ወደ ጎንደር ሲመለስ በየቀኑ ሰው እየተገደለ ሬሳው ሳይቀበር መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ጅብ ከየተራራው ወረደ። ብሩስ የጻፈው አንድ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም፤ ውሾቹ የሰው ጭንቅላትና ክንድ እየጎተቱ ግቢው ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ይህ ሁሉ በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ ነው። ጎንደር ፈርታ ተገዛች? ታኅሣሥ የገባው ራስ ሚካኤል ግንቦት ላይ በሰርባኩሳ ጦርነት ተሸነፈ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። አንተም የነገርከን ችግር እኮ የገመድ እጥረት አይደለም። ተያዘ የተባለው ሰው ሻይ ቤት መገኘቱ ነው።

የማራኪው ልጅ፦
አፄ ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው፣ መብራት ስለሌለ ዙፋን አደረጉት የሚባለውስ? ቢያንስ ገመዱን የሚያስቀር ነገር አስበው ነበር ማለት ነው።

አስጎብኚው፦
እንግዶቼም ይጠይቁኛል። ማስረጃ የሌለው ተረት ነው። በዚያ ወንበር መጀመሪያ ሰው የተገደለው በነሐሴ 1890 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት ነው። በመጀመሪያው ምት ስላልሞተ ኤሌክትሪኩን ደግመው ለቀቁበት። ወንበሩ የመጣው እኮ ስቅላት ጭካኔ ነው ተብሎ ነው። ፈረንሳዮችም እ.ኤ.አ. በ1792 ጊሎቲንን፣ አንገት መቁረጫውን፣ ያቆሙት ሥቃይ ይቀንሳል ብለው ነበር፤ እስከ 1977 አንገት ቆረጡበት። አሜሪካ ከወንበሩ ወደ መርፌ ሄደች፤ አላባማ ደግሞ በ2024 በናይትሮጅን ጋዝ ጀመረች። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ «ይሄኛው ይሻላል» ሲባል ነው የኖረው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ከባለደሙ፣ ከሟች ወገን፣ ርቃችኋል። በቀድሞው ሥርዓት ዳኛው ፍትሐ ነገሥቱን አይቶ ቢፈርድ እንኳ ገዳዩ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር። ባለደሙ ቢፈልግ ይገድላል፣ ቢፈልግ የደም ዋጋ ይቀበላል፣ ቢፈልግ ይምራል። የመማሩ ሥልጣን ልጇ በሞተባት እናት እጅ ነበር። ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ መንግሥት ገመዱን ወሰደ፤ ምሕረቱንም አብሮ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጠሩ። በላይ ዘለቀን የሚያህል አርበኛ በ1937 ተሰቀለ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በ1953። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ።

በቀይ ሽብር እኔ ተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣ አንድ የማውቀው ልጅ መንገድ ዳር ተጋድሞ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት አየሁ። ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነበር። እናቱ እንዳታለቅስ ተከልክላ በር ላይ ቆማለች። የጎንደር እናት «ሁለተኛ አልወልድም» ያለችው ያኔ ነው። አደባባይ ስትል ልጄ፣ እኔ የሚታየኝ ያ ነጠላ ጫማ ነው። ሞት ከተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት የ23ቱ ቅጣት በ2003 በሃይማኖት አባቶች ልመና ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥ አልተደሰትኩም፤ አልዋሻችሁም። ሳስበው ግን፣ የጓደኞቼ አጥንት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከሞተ ማን ያሳየኛል?

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ የነገሩን በፍርድ ላይም ይሠራል። ዳኛ ይሳሳታል፣ ምስክር ይዋሻል፤ የታሰረውን ትፈታዋለህ፤ የተሰቀለውን ግን አትመልሰውም። ሩዋንዳ ያ ሁሉ ሕዝብ አልቆባት በ2007 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ሰርዛለች።

የአዘዞው ሹፌር፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሽምግልናውንም አይተነዋል። ገንዘብ ያለው ገዳይ ሽማግሌ ይልካል፤ ድሃዋ እናት እምቢ ካለች ክፉ ትባላለች። ለአጋችስ የትኛው ሽማግሌ ይላካል? አጋቹ ከየት እንደመጣ፣ የማን ወገን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

የልደታዋ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ባለደም ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ገጠር በመሬት ወሰን ጠብ ተገደለ። እናቴ የለበሰውን ሸሚዝ ሳታጥብ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ታናሻችን ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ራሱን እየዳሰሰ «ደም መላሽ አለን» ይለዋል። ልጁ ኳስ መጫወት ተወ። ማታ ማታ «ሣጥኑ ተቆልፏል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ገዳዩ 18 ዓመት ተፈረደበት። ሞት ባለመፈረዱ አጎቶቼ ተናደዱ፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ደም አድራቂዎቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሁለቴ መለስናቸው። በሦስተኛው የገዳዩ አባት ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ። ዝናብ ነበር። ሽማግሌው ሰውዬ ድንጋዩን ከትከሻው አላወርድም ብሎ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። እናቴ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ወጥታ «አውርደው» አለችው። ሹፌሩ እንዳለው ጫና ነበረ፤ ሰው ሁሉ «ታረቂ» ይላት ነበር። ግን ቃሉ ከእሷ አፍ ነው የወጣው። ያን ሰው መንግሥት ሰቅሎት ቢሆን የእሱ ወንድሞችም አንድ ሸሚዝ ይቆልፉ ነበር፣ የእኛም ትንሹ ልጅ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ይዞ አይውልም ነበር።

የአዘዞው ሹፌር፦
እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ሰውየው 18ቱን ዓመት እየታሰረ ነው?

የልደታዋ፦
አዎ፣ እዚያው ነው። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቱ።

የአዘዞው ሹፌር፦
እንግዲያው የወንድምሽን ገዳይ በተመለከተ ተሸንፌያለሁ። የአጋቹን ግን አልተሸነፍኩም። እሱንም እንዲህ ዘጠኝ ዓመት እስር ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥልኝ ካገኘሁ ጃንተከልን አላነሳም። እስከዚያ ጥያቄዬን አልተውም፤ ነገ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እወጣለሁ፣ መኪናው ሙሉ ሰው ነው።