ቴሌስኮፑ በ525 እጥፍ ጥቁር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጁፒተር ሳይገባብኝ እርዱኝ!

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው፤ ጁፒተር አሁን ፊት ለፊቴ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ከጣሪያው ጀርባ ይገባብኛል። ቴሌስኮፑ ላይ 76/700 ይላል፣ በመስታወት የሚሠራው ዓይነት ነው። ካርቶኑ 525 እጥፍ ያጎላል ይላል። 4 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ ባርሎው ከሚባለው ባለ 3 እጥፍ ተጨማሪ ሌንስ ጋር ገጥሜ ሳየው ድፍን ጥቁር! በ20 ሚሊሜትሩ ሌንስ ስሞክር ደግሞ ጁፒተር መሀሉ ጥቁር የሆነ ቀለበት ሆኖ ነው የሚታየው። መስታወቱ መሀሉ ላይ ተቃጥሎ ይሆን? ልመልሰው? ወይስ ጠንከር ያለ የ2 ሚሊሜትር ሌንስ ልግዛ? እባካችሁ ቶሎ!

ሌሊት ወፍ፦
ባርሎውን አውጪው፣ 4ቱንም አስቀምጪው። 20ውን ብቻ ግጠሚና የፎከሱን ማዞሪያ በዝግታ አዙሪው። ቀለበቱ እየሰፋ ከሄደ ወደ ሌላው ጎን መልሺ፤ እየጠበበ ከሄደ ቀጥዪ። የመጨረሻዋን ትንሽ ክብ ስታገኚ ቁሚ። መሀል ላይ ያየሽው ጥቁር ቱቦው አፍ አጠገብ ያለችው የትንሿ መስታወት ጥላ ነው። ፎከስ ሳይገባ በዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሁሉ ይታያል። መስታወትሽ ደህና ነው፤ የሚመለስ ነገር የለም።

ባለ ብሎኑ፦
ኮሊሜሽን ነው፣ የመስታወቶቹ አቀማመጥ መስመር ስቷል ማለት ነው። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በካቻቪት ፍቺና መስታወቱን አስተካክይ፣ ያልቃል።

ሌሊት ወፍ፦
ዛሬ ማታ ብሎን እንዳትነኪ! መጀመሪያ ፎከስ አስገብተሽ ምስሉን ሳታዪ ኮሊሜሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም።

ጋሽ ሰማይ፦
እህቴ፣ ቁጥሩን ብትረጂው ለሁልጊዜ ይጠቅምሻል። 76/700 ሲል 76ቱ የመስታወቱ ስፋት፣ 700ው የትኩረት ርቀቱ ነው፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። ማጉላት ማለት የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ነው። 700 ለ20 ሲካፈል 35 እጥፍ፣ ለ12.5 ሲካፈል 56 እጥፍ፣ ለ4 ሲካፈል 175 እጥፍ። 175ን ባርሎው በ3 ሲያበዛው 525። ስሌቱ ልክ ነው፣ ጥቅም ግን የለውም። አንድ ቴሌስኮፕ የሚሸከመው ማጉላት በመስታወቱ ስፋት ይወሰናል፤ ጣሪያው የሚሊሜትሩ ቁጥር ሁለት ጊዜ ነው። ላንቺ 76 ሲባዛ በ2፣ 150 ገደማ፣ እሱም አየሩ በረጋ ሌሊት። ከዚያ በላይ የምታጎዪው ብዥታውን ነው። የ4ቷ ሌንስ ብቻዋን እንኳ ከጣሪያው አልፋለች፤ 2 ሚሊሜትር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥቁሩም የመጣው ከዚሁ ነው። በ525 እጥፍ የምታዪው የሰማይ ቁራጭ የሙሉ ጨረቃን ስፋት አንድ ሰባተኛ ቢያህል ነው። ምድር ስለምትዞር ጁፒተር መሀል ለመሀል ቢያልፍ እንኳ ከዳር እስከ ዳር በ18 ሴኮንድ ገደማ ያቋርጠዋል። ሌንስ እስክትቀይሪ ድረስ ሄዷል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው በ20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ነው። ያንቺ ደካማው ሌንስ ከዚያ ይበልጣል።

ጀማሪዋ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ! በ20ው አጠበብኩት፣ ቀለበቱ ጠፋ። ግን ጁፒተር ጭራ ያወጣ ይመስላል፣ ሁለት ሁለትም ይሆንብኛል። ጨረቃዎቹ አይታዩም። ክዳኑ ተከፍቷል።

ጥቁር ሰማይ፦
የትኛው ክዳን? በትልቁ ክዳን ላይ የምትነቀል ትንሽ ክዳን አለች። ብዙ ሰው እሷን ብቻ ያነሳና ተከፈተ ይላል። ቀዳዳዋ 35 ሚሊሜትር ብትሆን የሚገባው ብርሃን ከሩብ በታች ነው። ትልቁን አንሺው።

መስታወት፦
እሱ አይመስለኝም። ትንሿ ቀዳዳ ከመሀል ወጣ ብላ ነው የምትቀመጠው፤ በእሷ ብቻ ብታይ ኖሮ ጥላው ከቀለበቱ መሀል አይወድቅም ነበር። ጭራና ድርብ ምስል ሌላ ነገር ነው። ጀማሪዋ፣ የት ሆነሽ ነው የምታዪው?

ጀማሪዋ፦
ክፍሌ ውስጥ። ውጭ ይበርዳል። መስኮቱ ጥርት ያለ ነው፣ ዛሬ ነው የተወለወለው።

መስታወት፦
በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። የመስኮት መስታወት ለዓይን ጥርት ቢልም ውፍረቱ እኩል አይደለም። ሁለቱ ገጾቹ ብርሃኑን እየመለሱ ሁለተኛ ምስል ይሠራሉ፣ ቴሌስኮፑ ደግሞ ጉድለቱን 35 ጊዜ ያጎላዋል። ወደ ጎን አጋድለሽ ስታዪ ይብሳል። መስኮቱን ብትከፍቺውም የቤቱ ሙቀት በዚያው ወደ ውጭ ሲፈስ ምስሉ ይርገበገባል። ይዘሽው ውጪ። ቱቦው ከውጭው አየር ጋር እስኪመጣጠን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጊዜ ከሌለሽ በ35 እጥፍ ወዲያው ጀምሪ፣ በዝቅተኛ ማጉላት ጉዳቱ ያን ያህል አይታይም። ከአስፋልትና ከጣሪያ በላይ አታነጣጥሪ፣ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል።

ባለ ብሎኑ፦
እኔ አሁንም ኮሊሜሽን ነው እላለሁ።

ጀማሪዋ፦
ወጣሁ። አሁን ደግሞ ጁፒተር ጠፋኝ! የማነጣጠሪያው ቀይ ነጥብም አይበራም።

ሌሊት ወፍ፦
ከባትሪው ክፍል የወጣች ቀጭን ፕላስቲክ አለች፣ ጎትተሽ አውጫት፤ ባትሪው ግንኙነት እንዳያደርግ ከፋብሪካ የገባች ናት። ከሌለች ባትሪው ሲአር2032 የሚባለው ክብ ነው። ለአሁኑ በነጥቡ ላይ አትተማመኚ፣ ገና አልተስተካከለም። ከቱቦው ኋላ ቁሚና ጠርዙን ተከትለሽ እንደ ጠመንጃ አልሚ። 20ው እንደተገጠመ ይቆይ፤ ከ1 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ሰማይ ያሳይሻል። ከዚያ ግራ ቀኝ በጣም በዝግታ ጥረጊው። ምስሉ የተገለበጠ ስለሆነ ቱቦውን ስትገፊ ኮከቡ ከጠበቅሽው በተቃራኒ የሚሄድ ይመስልሻል፤ አትደንግጪ።

ነገ በቀን አንድ ሩቅ ነገር ምረጪ፦ አንቴና፣ የምሰሶ ጫፍ፣ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የራቀ። በ20ው መሀል አስገቢው፣ የትሪፖዱን ብሎን አጥብቂ፣ ከዚያ ቴሌስኮፑን ሳትነኪ የማነጣጠሪያውን ብሎኖች ብቻ እያዞርሽ ቀዩን ነጥብ እዚያው ጫፍ ላይ አሳርፊ። በ12.5 ደግመሽ አጥሪው። ከፀሐይ ግን ራቂ።

ጋሽ ሰማይ፦
ፀሐይ ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም። ከሌንሶቹ ጋር በዓይን ሌንሱ ጫፍ የምትጠመዘዝ ጥቁር ብርጭቆ፣ ላይዋ ላይ ፀሐይ የሚል ካለ፣ ዛሬውኑ ሰብረሽ ጣያት። መስታወቱ የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ እሷ ላይ ያሳርፈዋል፤ ብርጭቆዋ በድንገት ትሰነጠቃለች፣ ቀጥሎ ያለው ዓይንሽ ነው። የፀሐይ ማጣሪያ የሚገጠመው ከቱቦው አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ሳይገባ ነው። ማነጣጠሪያውም የሚያጎላ ሌንስ ያለው ዓይነት ከሆነ እንዲሁ መሸፈን አለበት።

ጥቁር ሰማይ፦
እስከዚያ የሌንስ ጉዳይ እናንሳ። ከእንዲህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጡትን ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፦ 20ውና 12.5ቱ ላይ ኤች የሚል ፊደል አለ፣ ሃይገንስ ማለት ነው፤ 4ቷ ላይ ኤስ አር ይላል፣ ራምስደን። ሁሉም በሁለት ብርጭቆ የሚሠሩ አሮጌ ንድፎች ናቸው፣ የሚያሳዩት ክብ ጠባብ ነው፣ የ4ቷ ቀዳዳ ደግሞ የመርፌ ዓይን ታህላለች። ፕሎሰል የሚባለው ባለ አራት ብርጭቆ ነው፣ ለዓይን ወደ 50 ዲግሪ የሚሰፋ ክብ ያሳያል፤ ያ ለማጉላቱ ሲካፈል የምታዪው የሰማይ ስፋት ይሆናል። በ32 ሚሊሜትር ፕሎሰል ጀምሪ፤ 22 እጥፍ ገደማ ሆኖ ከ2 ዲግሪ በላይ ሰማይ ስለሚያሳይ ፕሌያዲስ የሚባሉትን ሰባቱን ከዋክብት ሙሉውን ያስገባልሻል።

መስታወት፦
ሰማዩ ጨለማ ለሆነለት ሰው 32 ጥሩ ነው። የመንገድ መብራት ላለበት ግን 25 ይሻላል፤ 28 እጥፍ ይሰጣል፣ ከበስተጀርባ ያለውን ግራጫ ሰማይ ጠቆር ያደርገዋል፣ የሚታየው ሰማይም 1.8 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱን አብሮ መግዛት አያስፈልግም። ለፕላኔት 9 ወይም 10 ሚሊሜትር፤ 10ሩ 70 እጥፍ ነው፣ የሳተርን ቀለበት ከኳሱ ተለይቶ ይታያል። አየሩ ለሚረጋበት ሌሊት 6 ሚሊሜትር፣ 117 እጥፍ። እዚህ ላይ ይበቃል።

ሌሊት ወፍ፦
ከ8 እስከ 24 የሚሄደው ዙም ሌንስስ? አንድ ገዝቶ መገላገል ነው።

መስታወት፦
በ24 ላይ ሲሆን ለዓይን የሚያሳየው ክብ ወደ 40 ዲግሪ ይጠባል፤ ሰፊ ሰማይ ማየት በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ክብደቱም ለዚህች ቀጭን ትሪፖድ ብዙ ነው። ትሪፖዱ ሲነሳ፦ እግሮቹን አሳጥሪያቸው፣ ተቀምጠሽ እዪ፣ መሀል ካለው መደርደሪያ ሥር አንድ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አንጠልጥዪ። ፎከስ ስትነኪ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ እጅሽን አንስተሽ እስኪረጋ ጠብቂ።

ጀማሪዋ፦
መነጽር አደርጋለሁ። 6ቱ ይሆነኛል?

መስታወት፦
ቅርብ ወይም ሩቅ አለማየት ብቻ ከሆነ መነጽሩን አውልቀሽ ፎከሱን በዓይንሽ ልክ አስገቢ፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ያካክሰዋል። ከባድ አስቲግማቲዝም (የዓይን ኩርባ እኩል አለመሆን) ከሆነ ግን መነጽሩ መቆየት አለበት። ያን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ፕሎሰል አይሆንሽም፤ በፕሎሰል ዓይን የሚቆምበት ርቀት የትኩረት ርቀቱ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለ6ቱ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ሽፋሽፍትሽ ብርጭቆውን ይነካዋል። በዚያው 6 ሚሊሜትር 66 ዲግሪ የሚያሳዩና 15 ሚሊሜትር ርቀት የሚሰጡ ርካሽ ሌንሶች አሉ፤ እነሱን ፈልጊ።

ባለ ብሎኑ፦
ሁሉም ስለ ሌንስ ያወራል፣ ኮሊሜሽኑ ግን አልታየም።

ሌሊት ወፍ፦
እሺ፣ አሁን ጊዜው ስለሆነ እንንገራት። ደማቅ ኮከብ በ12.5 መሀል አስገቢና ፎከሱን ትንሽ ብቻ አበላሺው። ጥቁሩ ነጥብ ከቀለበቶቹ ልክ መሀል ከሆነ ብሎን አትንኪ። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ከኋላ ያሉት ብሎኖች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል። አንዱን ሳታላሉ ሌላውን አታጥብቁ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ ኮከቡን መልሳችሁ መሀል አስገቡ። መስታወቱ ላይ አቧራ ካያችሁ ተዉት። ደረቅ ጨርቅ የአሉሚኒየሙን ሽፋን ይቧጭረዋል፤ አቧራው ግን ምስሉን አይጎዳውም።

ጥቁር ሰማይ፦
ጀማሪዋ፣ ጁፒተር ተገኘ? በ35 እጥፍ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ የተደረደሩ እስከ አራት ነጥቦች ማየት አለብሽ፤ አንዱ ከፊቱ ወይም ከኋላው ሊሆን ስለሚችል ሦስት ብቻ ቢታዩ አትጨነቂ። ከዚያ 12.5ቱን ግጠሚ፣ ሁለቱን ቡናማ መቀነቶች ፈልጊ። ቢገባብሽም ነገ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣል።

ጥቁር ሰማይ፦
ደግሞ ሌንስ ሳትገዢ የሌንሱን እግር ስፋት በማስመሪያ ለኪ። 31.7 ሚሊሜትር ነው ወይስ 24.5?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ልግባ፤ የኔ 60/700 ነው፣ በሌንስ የሚሠራው። ለካሁት፣ 24.5 ነው። ፕሎሰል አልገጥምም ማለት ነው?

መስታወት፦
ከ24.5 ወደ 31.7 የሚያሸጋግር ጥምር ባለ 90 ዲግሪ መስታወት አለ፤ አንዱ ጫፍ ፎከስ ማስገቢያው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ሰፊውን ሌንስ ይቀበላል። የቀድሞውን ባለ 90 ዲግሪ መስታወት አውጥተህ በቦታው ታስገባዋለህ። ሁለቱን ደርበህ አትግጠም፣ የብርሃኑ መንገድ ስለሚረዝም ፎከሱ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገብቶም አይደርስም። ከመግዛትህ በፊት አሁን ባለህ ሌንስ ጨረቃ ላይ ፎከስ አድርግና የፎከሱ ቱቦ ወደ ውስጥ ለመግባት ስንት ሚሊሜትር እንደቀረው ለካ። 2 ሴንቲ ሜትር ከቀረው በአብዛኛው ይበቃሃል።