ልጄ ከስካውት ጋር ዛፍ ላይ ሊወጣ ነው፤ ማተቡን ምን ላድርገው?

ጠያቂ፦ የ11 ዓመት ልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስካውት ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። የፊታችን ቅዳሜ እዚሁ ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ወዳለ ፓርክ ይሄዳሉ። ከዛፍ ዛፍ በገመድና በሳንቃ እየተሻገሩ መጨረሻ ላይ በዚፕላይን፣ ማለትም በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው፣ የሚንሸራተቱበት ቦታ ነው። አባቱ ቅዳሜ ሥራ ስለሆነ ነገሩ እኔ ላይ ወድቋል።

ከፓርኩ የመጣው ወረቀት «አንገት ላይ ምንም ነገር አይደረግም» ይላል። ልጄ በ40 ቀኑ ካሰርንለት ጀምሮ ማተቡ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ደግሞ የሐዋርያት ጾም ላይ ነን። ራሱ «እጾማለሁ» ብሎ ነው የጀመረው፣ የእነሱ ምሳ ግን ሆት ዶግ ነው። የጤና ፎርምም አምጡ ብለዋል፤ ሐኪሙ ጋ ደግሞ ቅርብ ቀጠሮ የለም።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ከፍታ መፍራቱ ነው። የመስታወት አሳንሰር ውስጥ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል። ለጓደኞቹ አልነገራቸውም። ልላከው ወይስ ይቅርበት?

የስካውት አባት፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ በፎርሙ አትጨነቂ። የስካውቲንግ አሜሪካ (የአሜሪካ ስካውት ድርጅት) የጤና ፎርም ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ሐኪም መርምሮ የሚፈርመው ሲ ነው፤ እሱ የሚጠየቀው ከ72 ሰዓት ለሚበልጥ ጉዞ ነው። ለአንድ ቀን ኤ እና ቢ ይበቃሉ፣ እነሱን ራስሽ ትሞያቸዋለሽ። አስም ወይም አለርጂ ካለበት ሳትደብቂ ጻፊ።

የፓርኩ የኃላፊነት ወረቀት ግን ሌላ ነው። እሱን ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ መፈረም አለበት። አምና አንዱ ልጅ ከአጎቱ ጋር መጣ። አጎትየው ልፈርም ቢል እምቢ አሉት። እናትየዋ ሥራ ቦታ ሆና በስልኳ እስክትፈርም ልጁ አጥር ይዞ ሲያይ ዋለ። ከዛሬ ጀምረሽ በኢንተርኔት ፈርመሽ ጨርሺው።

መኪናም ካስፈለገ፣ በስካውት ሕግ አንድ አዋቂ የሌላ ሰው ልጅ ብቻውን ጭኖ አይሄድም። ሌላ ልጅ ወይም ሌላ አዋቂ አብሮ ይኑር። ሰዓቱንም አጣሪ። «3 ሰዓት» ብዬ ለአንዱ የእኛ ሰው ነግሬው ከሰዓት በኋላ መጥቷል!

ፓርክ ውስጥ የሠራሁ

ኮሌጅ እያለሁ ሁለት በጋ እንዲህ ዓይነት ቦታ ሠርቻለሁ። መታጠቂያው ወገብና ጭን ላይ ይታሰራል። ከእሱ ሁለት መንጠቆ ይወጣል። አሁን ብዙ ቦታ ያሉት መንጠቆዎች አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚቆለፍ ዓይነት ናቸው። ልጁ ቢፈልግ እንኳ ሁለቱንም ባንዴ ሊፈታ አይችልም። መጀመሪያ መሬት ላይ ያለማምዱታል፣ ሳይችል አይወጣም።

ፍርሃቱን ለስካውት መሪው በጆሮው ንገሪው፣ በቀላሉ መስመር ያስጀምረዋል። መስመሮቹ በቀለም ይለያሉ፣ በአብዛኛው ጥቁሩ ከባዱ ነው። መሃል ላይ ቢደነግጥ ሠራተኛ ወጥቶ ያወርደዋል፤ በቀን አምስት ስድስት ሰው አውርደን እናውቃለን፣ አባቶችም ነበሩባቸው። አንቺ ግን ከታች ሆነሽ አትጩሂ። ልጁ እግሩ እየተንቀጠቀጠ እናቱ ከሥር «የኔ ጌታ! ያዝ! ያዝ!» ስትል ያየሁት ደርቆ ነው የቀረው።

ጫማው ጣትና ተረከዝ የሚሸፍን ይሁን። ክሮክስ አይሆንም።

ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር

ማተብማ አይወልቅም። ለአንድ ቀን ጨዋታ ብሎ ማተብ መፍታት ምን ይባላል? ካልሆነ ይቅርበት።

ፓርክ ውስጥ የሠራሁ

ወንድሜ፣ እኔም ማተብ አለኝ። ሕጉ በሃይማኖት የመጣ አይደለም። ልጁ ሲንሸራተት አንገቱ ላይ ያለው ክር ገመድ ወይም ቅርንጫፍ ቢይዘው ያንቀዋል። የሚያስፈራው የሚወዛወዝ ነገር ነው። አጥብቀው ከልብስ ሥር ካደረጉት አንዳንድ ቦታ ያሳልፋሉ፣ ሌላ ቦታ አያሳልፉም። አስቀድማ ደውላ ትጠይቅ። እምቢ ካሉ እነሱ ያሉት ነው የሚሆነው፣ በር ላይ ክርክር የለም።

ሹሩባ የምሠራ እናት

ለእኔ ልጅ የፈቀዱላት እንዲህ አድርገን ነው። ማተቧን አሳጠርኩት። መስቀሏን ደረቷ ላይ በቁስል ፕላስተር ለጠፍኩት። ከላይ ጠበብ ያለ ቲሸርት። ሠራተኛዋ አይታ እሺ አለች። ሴት ልጅ ያላችሁ ግን ጸጉሯን አትርሱ። ረጅም ሹሩባ ዚፕላይኑ ጎማ ውስጥ ይገባል። ወደ ኋላ ሰብስባችሁ ልብስ ውስጥ ክተቱት።

ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር

ፕላስተሩ ጥሩ ዘዴ ነው። ቅድም ቸኩያለሁ። ስለ ቁርሱ ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አማክሪ። ልጅ ነው፣ ባዶ ሆዱን ዛፍ ላይ ውጣ የሚል አባት ያለ አይመስለኝም።

የስካውት አባት፣ አሌክሳንድሪያ

ምሳ ላይ ቆሎ የሚያህል የለም፤ ልጆቹ ሁሉ «ምንድን ነው?» እያሉ ይጨርሱበታል፣ አብዝተሽ ያዢ። ግን ለውዙን ለቅመሽ አውጪ። የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ከቡድኑ አይጠፋም። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብዙ ውሃ። ፍርፍርም ይሆናል፣ እጅ መታጠቢያው ሩቅ ሊሆን ስለሚችል ሹካ ጨምሪበት።

ነርስ ነኝ፣ ባልቲሞር

ማንም ያላነሳው መዥገር ነው። የሜሪላንድ ጫካ ሞልቶበታል፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ቤት ስትገቡ ብብቱን፣ ከጆሮው ኋላ፣ ጉልበቱ ሥር እዩ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት የለም። ነጎድጓድ ከሰማችሁም ውረዱ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል።

ጠያቂዋ፣ እሑድ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩ፣ «መጥተሽ አሳዪን» አሉኝ። ሠራተኛው ፕላስተሩን አየ፣ በጣቱ ጎተት አደረገው፣ አሳለፈው።

ቀላሉን መስመር ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ ሦስተኛው ዛፍ ጋ ሲደርስ ግንዱን አቅፎ ቀረ። እኔ አልጮህኩም፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ወጥታ በገመድ አወረደችው። አላለቀሰም። ቆሎውን በላ፣ ወደ ቀላሉ ተመልሶ ሦስት ጊዜ ዞረው። ጓደኛው «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» ሲለው ሰምቻለሁ። ዝናብ መጥቶ አንዴ ከ30 ደቂቃ በላይ ቆመናል።

ማታ ልጁን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ፈተሽኩት፣ ምንም የለም። መዥገሯ የተገኘችው እኔ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ወረንጦውን የያዘው እሱ ነበር።