ለሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጅ የሚሆን ጎጆ እንዴት ልሥራ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ በፕላይውድ የሠራውን ጎጆ ፎቶ ከላከልኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሱ በወለሉ ቀዳዳ በኩል በረዶውን በስቶ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ያጠምዳል። እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ቆሮሶ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ዕለት በባሕር ዛፍ አጣናና በሸራ አንድ ጎጆ ቀለስኩ፤ ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ እንደ ጃንጥላ ገልብጦ ወሰደው። ያጠመድኩት አምባዛ እንኳን የሳቀብኝ መሰለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
አራቱንም ጎን በሸራ ዘግተኸዋል መሰለኝ። ነፋስ ማለፊያ ካጣ ጎጆውን ይዞ ይሄዳል። ጣሪያውንና ፀሐይ የሚመታህን ጎን ብቻ ሸፍን። አጣናውን ግማሽ ሜትር ቅበረው፤ አፈሩ ልል ከሆነ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ እግሩ ላይ እሰር። ሲመሽ ደግሞ ውጣ! ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ሌሊት ነው፤ መንገዱ ላይ ለተቀለሰ ጎጆ አይራራም።

መልስ 2 (ሚኒሶታ)፦
የእኛ ጎጆ የተሠራው ለብርድ ነው፤ ፕላይውዱን ተወው፣ ትጠበሳለህ። እኛ በእግር የምንገባው በረዶው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር ነው። ለወንድምህ ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፦ የጋዝ ምድጃ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ከላይም ከታችም የአየር ማስገቢያ ይተው።

ጠያቂ፦
ነገርኩት፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። የእኔ አጣናም ተቀብሯል፣ ነፋሱን ችሏል። አሁን ያስቸገረኝ ጣሪያው ላይ የሰፈረው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነው።